ቡና እስከምን ድረስ ይቆላ?

ባለጀበናዋ፦ እናንተ ቡና ቀማሾች ቡናውን ቀላ አድርጋችሁ ታወርዱና «እውነተኛው ጣዕሙ ይኼ ነው» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ወዙ ሳይወጣ ከምጣድ የወረደ ቡና አልተቆላም ባይ ነኝ። እዚህ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ በባቡሩ የመጨረሻ ፌርማታ ዙሪያ፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጀበና ከሚጥዱት ሴቶች አብዛኞቹ ቡናቸውን የሚያወርዱት ጠቁሮ ማብለጭለጭ ሲጀምር ነው። ይህን ያህል እጅ በአንድ ነገር ከተስማማ ከልማድ የጠለቀ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። «ጣዕሙን ገደላችሁት» ከማለትህ በፊት ያን ምክንያት መፈለግ አለብህ።

ቀማሹ፦ ምክንያት እንዳለው አልጠራጠርም፣ እትዬ። የምለው፣ የጣዕሙን ምክንያት ከሌላው ምክንያት እንለየው ነው። ለዚህ ደግሞ ምጣዱ ላይ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል። ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶው ውሃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እሳት የሚያልቀው ይህን ውሃ በማትነን ነው። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገርጣ ቢጫ ይዞራል፤ ሽታውም ወደ ገብስ ቆሎ ይጠጋል። ሙቀቱ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በፍሬው ውስጥ ያሉት ስኳርና አሚኖ አሲዶች መዋሐድ ይጀምራሉ። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ለውጥ ነው ለቡና ጠይም መልኩንና አብዛኛውን መዓዛውን የሚሰጠው። ወደ 196 ዲግሪ ሲጠጋ በውስጡ የታፈነው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ የመጀመሪያው መንጣጣት ያኔ ይሰማል፤ ገለባውም ተላቆ በምጣዱ ዳርና ዳር ይበተናል። ከዚያ ምጣዱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ወደ 225 ዲግሪ ሲቃረብ ሁለተኛውና ቀጠን ያለው መንጣጣት ይከተላል፤ አሁን የሚሰባበረው የፍሬው አካል ራሱ ነው፤ ዘይቱም ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎ ወዝ የሚሉት ይህን ዘይት ነው። ክርክሬ በሁለቱ ድምፆች መካከል ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ቡና አብዛኛውን ነገሩን የሚያገኘውም የሚያጣውም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ባለጀበናዋ፦ በዲግሪ አሳመርከው፤ ሰው ከሲኒው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው መንጣጣት እንዳበቃ የወረደ ቡና ይኮመጥጣል፣ ሣር ሣር ይላል፤ ብስል ከጥሬ ነው። ጠጪው ፉት እንዳለ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ይኼ ነገር አልበሰለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ምላሱ የሚነግረውን ነገር አንተ «የአበባ ቃና፣ የሎሚ ቃና» እያልክ ስም ብታወጣለት ኮምጣጣነቱ አይለወጥም። ቡና የሚፈለገው ለምሬቱ ነው፤ ምሬቱን ደግሞ የሚሰጠው እሳት ነው።

ቀማሹ፦ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ። አንደኛው ያለመብሰል ጉምዛዜ ነው። እሳቱ በርትቶ ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል ፍሬው ላዩ ቶሎ ይጠይማል፤ ውስጡ ግን ገርጥቶ ይቀራል። አንዱን ፍሬ በጥርስ ሰብሮ መሐሉን ማየት ይበቃል፤ ላዩና ውስጡ በመልክ ከተራራቁ ሣር ሣር የሚለው ጣዕም የመጣው ከእሳት አያያዝ ነው፤ ቡናው ቀላ ብሎ በመውረዱ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፍሬ የበለጠ ማጥቆር ደግሞ ላዩን አሳርሮ ውስጡን ዘግይቶ ማብሰል ነው። ሁለተኛው ኮምጠጥ ማለት ከፍሬው ጋር የተፈጠረ ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ፣ ፖም ውስጥ ያለው ማሊክ አሲድ ቡና ውስጥም አሉ፤ በከፍታ ቦታ የበቀለ እንደ ይርጋጨፌ ያለ ቡና የታወቀውም በዚህ ነው። ጥሬው ቡና ከ6 እስከ 9 በመቶ ስኳር ስላለው ሲበስል ጣፋጩ ከኮምጣጣው ጋር ይመጣጠናል። እሳቱ በቀጠለ ቁጥር ግን አሲዶቹም ስኳሩም ያልቃሉ። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ደግሞ ተሰባብሮ መጀመሪያ ለስለስ ያለ ምሬት ይሰጣል፤ ሁለተኛው መንጣጣት ካለፈ በኋላ ግን ጉሮሮ የሚይዘው ጠንካራው ምሬት ይሆናል። ስለዚህ ምሬትም ደረጃ አለው። መካከለኛው ቁሊት ምሬት አያጣም፤ የሚያጣው የማረሩን ምሬት ነው።

ባለጀበናዋ፦ ከባቡር ወርዶ ወደ ሥራ የሚቸኩል ሰው ግን የሚፈልገው የሚያነቃውን ነው። ጠቆር ያለው ወፍራም ነው፣ ጉልበት አለው፤ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ራስ ምታቱ ይለቀዋል። ቀላ ያለው ቀጭን ነው፤ ሻይ ይመስላል። ጠጪ ገንዘቡን የሚከፍለው ለጉልበቱ ከሆነ ጉልበት የሌለውን በምን አንደበት ልሽጥለት?

ቀማሹ፦ የሚያነቃው ካፌይን ነው፤ ካፌይን ደግሞ እሳት ብዙም አይነካውም። የእኛ አገር ቡና አረቢካ ነው፤ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው፤ ቀላም ጠቆረም ይህ መጠን እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ቡና ቀላ ብሎ ሲወርድ ከ12 እስከ 14 በመቶ ክብደቱን ያጣል፤ ወዙ እስኪወጣ ሲቆይ ግን ከ18 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ላይ ተጨማሪ 60 ግራም ያህል በጭስ መልክ ሄደ ማለት ነው፤ ቡና እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህ ትንሽ አይደለም። የጠቆረው ፍሬ በተጨማሪ ያብጣል፣ ይቀልላል። ዱቄቱ በማንኪያ ከተለካ አንድ ማንኪያ ጠቆር ያለ ቡና ከአንድ ማንኪያ ቀላ ያለ ቡና ያነሰ ክብደት፣ ያነሰም ካፌይን ይይዛል። ወፍራምነት የሚመጣው ከዱቄቱ መጠን፣ ከልመቱና ጀበናው እሳት ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ነው። ምላስ ምሬትን ከጉልበት ጋር ማያያዝ ስለለመደ ብቻ መራራው ሁሉ ጉልበታም ይመስለዋል።

ባለጀበናዋ፦ እሺ፣ ካፌይኑን ልተውልህ። አሁን ደግሞ ከምጣዱ ወደ ሙቀጫው እንሂድ፤ ቀማሾች የማትደርሱበት ቦታ ይህ ነውና። ጠቆር ያለ ቡና ተሰባሪ ነው፤ ዘነዘናው ሲያርፍበት ይደቃል። ቀላ ያለው ጠጣር ነው፤ ከሙቀጫው እየዘለለ ይወጣል፤ ግማሹ ሲልም ግማሹ እንደ ተከካ ይቀራል። የተከካው ጣዕሙን በጀበና ውስጥ ሳያወጣ ዝቃጭ ሆኖ ይደፋል። ከዚያ ደግሞ ውሃው አለ። በዚህ ከተማ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ እህል ግን ቶሎ አይበስልም፤ ባቄላ የቀቀለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ አንተ ንገረኝ፤ ቁጥሩ ያንተ ነው።

ቀማሹ፦ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አያትም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ከሚያልፈው የእንጦጦ ተራራ አናት ላይ ወደ 90 ይወርዳል፤ 1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ 96 ይደርሳል። አዎ፣ ቁጥሩ ለእርስዎ ይመሰክራል። ቀላ ያለ ቡና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አይገባውም፤ ጣዕሙን ለማውጣት የበለጠ የጋለ ውሃና የበለጠ የላመ ዱቄት ይፈልጋል። ጠቆር ያለው ፍሬ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ዝቅ ባለ ሙቀትም ቶሎ ይለቃል። እኛ ለቅምሻ የምንሠራበት መመሪያ እንኳ 8.25 ግራም ዱቄት በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ውሃው 93 ዲግሪ ሆኖ ይላል፤ እዚህ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ የሚፈላ ውሃ ያን አያሟላም።

ባለጀበናዋ፦ እንግዲያው ነገሩ አለቀ። ተራራው ራሱ ፈርዷል። በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ በሙቀጫ የተወቀጠ ዱቄት፣ ጭስና አመድ ያለበት ከሰል ይዛ የምትሠራ ሴት፣ ቶሎ የሚደቅና ቶሎ የሚለቅ ቡና ትመርጣለች። ማጥቆራችን ላለንበት ቦታ የተሰጠ መልስ ነው። ከባህር ዳርቻ ከተማ የመጣ መመሪያ ይዞ አያት ላይ መምጣት የማይመጥን ልብስ ማልበስ ነው።

ቀማሹ፦ ተራራው የፈረደው ግን በጣም ቀላ ባለው ቁሊት ላይ እንጂ በመካከለኛው ላይ አይደለም። እኔም የምከራከረው ለመካከለኛው ነው። ልዩነቱ ወሳኝ የሚሆነው ጀበና ከቅምሻ ሲኒ ስለሚለይ ነው። ቅምሻ ላይ ዱቄቱ ሳይነካ የሚነከረው ለአራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ውሃውም ከተፈሰሰበት ጊዜ ጀምሮ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጀበና ውስጥ ግን ዱቄቱ እሳት ላይ ሆኖ ለብዙ ደቂቃ ይንተከተካል፤ ከወረደም በኋላ እስኪጠል ይቆያል። የሙቀቱን ጉድለት ጊዜው ይክሰዋል ማለት ነው። ያው ጊዜ ግን ጠቆር ያለውን ይጎዳዋል። ከቡና ዱቄት ክብደት 30 በመቶ ያህሉ በውሃ ሊሟሟ ይችላል፤ ቀማሾች ጥሩ የሚሉት ከ18 እስከ 22 በመቶ ያለውን ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ የሚወጣው ምሬትና አፍ የሚያደርቀው ነገር ነው። ቶሎ የሚለቅ ቡና ረዥም ጊዜ እሳት ላይ ሲቆይ ከዚህ መስመር ያልፋል። ጠጣሩ ቡና ለአጭር ጊዜ ነከራ አይሆንም፤ የጠቆረው ደግሞ ለረዥም ፍላት አይሆንም። የጀበና ጓደኛ በሁለቱ መሐል ያለው ነው። ውቀጣውም ቢሆን፣ መካከለኛው ቁሊት ለዘነዘና እንደ ቀላው አያስቸግርም፤ በየሰፈሩ ያለው ወፍጮ ደግሞ የጠቆረውንም የቀላውንም እኩል ይፈጫል።

ባለጀበናዋ፦ የመዓዛውን ነገር ግን ዘለልከው። አንተ «ቀላ ሲል የአበባ ሽታው ይቀራል» ትላለህ፤ ያ ሽታ በራሪ ነው። ጀበናው ሲንተከተክ በአፉ በኩል ወጥቶ ሰፈሩን ያውዳል እንጂ ሲኒ ውስጥ አይገባም። ታዲያ ኮምጣጣው ለጠጪው ቀርቶለት ሽታው ለመንገደኛ የሚሄድ ከሆነ ቀላ ማለቱ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ የእኛ ቡና አንድ ሲኒ ተጠጥቶ የሚያልቅ አይደለም። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፤ በአንድ ዱቄት ላይ ውሃ እየተጨመረ ሦስት ጊዜ ይፈላል። ጠቆር ያለው ቢያንስ እስከ ቶና መልኩን ይዞ ይቆያል።

ቀማሹ፦ ስለ መዓዛው ያሉት ትክክል ነው፤ ፍላት በበዛ ቁጥር የሚበረው መዓዛ ይበዛል። ይህ ግን ጀበናውን አረፋው አንገቱ ድረስ እንደወጣ ማውረድን ነው የሚያስተምረው፤ ደጋግሞ ማንተክተክን አይደለም። የተረፈው መዓዛም ቢሆን ብቻውን አይደለም። ጣፋጭነቱና ኮምጠጥ ማለቱ አይበርሩም፤ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ጠቆር ባለው ቡና ላይ ግን እነርሱም ምጣዱ ላይ አልቀዋል፤ ስለዚህ ከፍላቱ በኋላ የሚተርፈው ምሬቱ ብቻ ይሆናል። ሦስቱን ዙር በተመለከተ መልክና ጣዕምን እንለይ። ቶሎ የሚለቀው ቡና የሚበዛውን ሀብቱን በአቦል ላይ ያወጣል፤ ለቶናና ለበረካ የሚተርፈው ዘግይቶ የሚወጣው መራራው ክፍል ነው። መልኩ ጥቁር ሆኖ ቢቆይም ጣዕሙ ቀድሞ ሄዷል። መካከለኛው ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለቶናው የሚተወው ነገር አለው። ሦስት ዙር የሚፈላ መጠጥ ያለው ሕዝብ ከማንም በላይ ቀስ ብሎ የሚለቅ ቡና ይጠቅመዋል።

ባለጀበናዋ፦ ሦስተኛውን ዙር ሰው የሚጠብቀው ለጨዋታውና ለምርቃቱ ነው፤ ጣዕሙን ፍለጋ የተቀመጠ የለም። ይሁን። አሁን ግን ዳኝነቱን ራሱን ልጠይቅህ። ጥሩ ቡና ይህ ነው፣ መጥፎው ያ ነው የሚለውን ነጥብ የምትሰጡት ቀላ አድርጋችሁ ቆልታችሁ፣ ለአራት ደቂቃ ነክራችሁ፣ በማንኪያ ስባችሁ ተፍታችሁ ነው። ማንም ጠጪ ቡናን እንዲህ አይጠጣም። ጀበና ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈልቶ ያማረ ቡና ነጥብ የሚያገኝበት መድረክ የለም። የገዢው ሚዛን ተመልሶ የእኛን ጀበና ሲዳኝ ዝም ብለን የምንቀበለው ለምንድን ነው?

ቀማሹ፦ ቅምሻ ቡናው ምን እንደያዘ ማሳያ ነው፤ ሰው እንዲህ ይጠጣ የሚል ትእዛዝ የለውም። ቀላ ተደርጎ የሚቆላበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጠቆር ካለ ጉድለቱ ይደበቃል። የሻገተው፣ ከልክ በላይ የቦካው፣ ሳይበስል የተለቀመው ሁሉ እሳት ሲበዛበት አንድ ዓይነት ይሆናል። መልካሙም እንዲሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነበር፤ ያ ቡና እስኪያብለጨልጭ ተቆልቶ ቀርቦ ቢሆን ከሌላው ለይቶ የሚያውቀው ዳኛ ባልኖረ። «የገዢው ሚዛን» ስላሉትም፣ የውጭው ገዢ ከጥንት ቀላ ያለ ቡና ወዳድ አልነበረም። በዓለም ላይ ትልልቆቹ የቡና ኩባንያዎች ለብዙ ዘመን አጥቁረው ሲቆሉ ኖረዋል። አዲስ አበባም ውስጥ ከጣሊያኖች ጋር የመጣው የማኪያቶ ማሽን ጠቆር ያለ ቡና አስለምዷል፤ ወተት ሲጨመርበት ጎልቶ የሚወጣ ምሬት ያስፈልጋልና። በ1953 እ.ኤ.አ. እንደ ተመሠረተው ቶሞካ ያሉ ቤቶች ቆልቶ መሸጥን ከከተማው ኑሮ ጋር ካስተሳሰሩ ሰባ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ማጥቆር የአገር፣ ማቅላት የባዕድ ነው የሚለው ክፍፍል አያስኬድም።

ባለጀበናዋ፦ አስኬደም አላስኬደም፣ ጠቆር ማለቱ የቡናን ስም አላጠፋም። መንግሥት ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲጠይቅ ከፊቱ የቆመው በጥቁር ቁሊቱ የታወቀው ስታርባክስ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ፈቃድ ሲፈራረሙ ኩባንያው ስሞቹን የፈለገው ለገበያ ዋጋ ስላላቸው ነው። እሳት የአገሩን ጣዕም የሚያጠፋ ከሆነ አጥቁሮ የሚቆላ ኩባንያ ይርጋጨፌ የሚል ስም ምን ያደርግለታል?

ቀማሹ፦ ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱም ያሳስበኛል። ስም ከጣዕም ከተለየ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይሸጣል። ጠጪው ሲኒው ውስጥ የይርጋጨፌን ልዩነት ካላገኘ ግን ስሙ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ጌጥን ደግሞ ሌላ ሻጭ በሌላ ጌጥ ይተካዋል። ለስሙ ጠበቃ የሚሆነው ጣዕሙ ነው። ውጭ አገር ያለው ጠጪ ይህን ልዩነት ባይለይ ኪሳራው የእርሱ ነው እንበል። የእኛው ሰው፣ ከምድሩ ላይ ሆኖ፣ የወለጋን ከሲዳማ፣ የሐረርን ከጅማ በምላሱ ሳይለይ ሲቀር ግን ከስሙ በፊት የራሱን ሀብት አጥቷል። የደረቅ ዝግጅቱ የሐረር ቡና የፍራፍሬ ቃና አለው፤ የታጠበው ይርጋጨፌ ሌላ ነው። ሁለቱን እኩል አጥቁሮ ማውረድ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። ቁሊት ፍሬውን መከተል አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ባለጀበናዋ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣህ፤ ፍሬው። የትኛውን ፍሬ ነው ልከተል የምትለኝ? ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። አገሪቱ ከምታመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣለን፤ የምንጠጣው ግን የተመረጠው ከሄደ በኋላ የተረፈውን ነው። ከሱቅ የምገዛው ጥሬ ቡና ውስጥ ጥቁሩ አለ፣ የተነቀዘው አለ፣ ሳይበስል ተለቅሞ ምጣድ ላይ ሌላው ሲጠይም እርሱ ገርጥቶ የሚቀረው አለ። ይህን ቡና ቀላ አድርጌ ባወርደው የማቀርበው ጉድለቱን ነው። ማጥቆር ይሸፍናል አልክ፤ አዎ ይሸፍናል፤ መሸፈኑም ተገቢ ነው። መልካም ፍሬ የተነፈገች እጅ ያላትን ፍሬ የሚጠጣ ማድረጓ ብልሃት ነው። የገበያውን ጥፋት ወስደህ በምጣዱ ላይ አትጫን።

ቀማሹ፦ ይህ ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ልሽረውም አልፈልግም። መሸፈኑን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሳያውቁ መሸፈንን ነው። እጅ ጉድለት ባለበት ፍሬ ላይ ማጥቆር ከለመደ በኋላ ንጹሕ ፍሬ በመጣለትም ቀን ያጠቁራል፤ ያን ቀን የሚሸፈነው መልካሙ ነው። በሰፌድ ላይ ተበጥሮ ጥቁሩና የተነቀዘው ቀድሞ ሊለቀም ይችላል፤ ገርጥቶ የሚቀረውም ከምጣድ ሲወርድ በዓይን ይለያል። እንዲህ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ፍሬ ብዙ ጊዜ ከሚታማው የተሻለ ነው። ሌላም ነገር አለ። ተቆልቶ በታሸገ ቡና ላይ አሁን የሚኖረው ሰው ብዙ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቁሊት ጭስ የጎረቤት ጉዳይ ሆኗል። ወዙ ወጥቶ ላዩ ላይ የተቀመጠ ቡና አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ዘይቱ ውስጡ የቀረው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እዚያው ተቆልቶ እዚያው ለሚፈላ ቡና ይህ ችግር አይደለም፤ ለሳምንት ለሚቀመጥ ግን ነው። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ያሳስበኛል፦ ጠጪ ጉድለቱን በምላሱ ካላገኘው የተሻለ ፍሬ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ደግሞ የተረፈው ቡና ወደ እርሱ መምጣቱ ይቀጥላል። ጥቁሩ ቁሊት ጠጪውን ከጉድለቱ ሲጠብቀው ሻጩንም ከጥያቄ ይጠብቀዋል።

ባለጀበናዋ፦ ተበጥሮ የሚለቀመው ፍሬ እኮ የተከፈለበት ፍሬ ነው። ከኪሎው ላይ የሚጣለው፣ ለለቀማው የሚጠፋው ጊዜ፣ ምጣዱን በሁለቱ ድምፆች መካከል ለማቆም ከሰሉን መጠባበቁ፣ ሁሉም የሚወጣው ከአንዲት ሴት ኪስና ጉልበት ነው። ቀላ ያለው ቡና እውነቱን ይናገራል ስትል እውነቱን ለመስማት ማን እንደሚከፍል አብረህ ተናገር። ጠጪው በአንድ ሲኒ ላይ ጥቂት ብር ሲጨመርበት ወደ ቀጣዩዋ ጀበና ይሻገራል።

ቀማሹ፦ መክፈል ያለበት ጠጪው ነው፤ ላልቀመሰው ልዩነት ግን አይከፍልም። ስለዚህ ማስቀመስ መቅደም አለበት። የምጠይቀው ሁልጊዜ እንዲቀላ አይደለም። ፍሬው ንጹሕ ሲሆን የመጀመሪያው መንጣጣት ካበቃ በኋላ፣ ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት ይውረድ፤ ልም ተደርጎ ይወቀጥ፤ አንድ ጊዜ ገንፍሎ ይውረድ፤ አቦሉ ያለ ስኳር ይቀመስ። ፍሬው ጉድለት ካለበት ይጥቆር፤ ግን ለምን እንደ ጠቆረ ይታወቅ። ይህን ያህሉ ከገበያው በፊት በእጃችን ያለ ነው።

ባለጀበናዋ፦ በእጃችን ያለው ምጣዱ ነው፤ ፍሬው አይደለም። ማስቀመስ ይቅደም ካልክ የማስቀመሻው ቡና ከየት እንደሚመጣ ከእኔ ቀድመህ ላኪውን ጠይቀው። እኔ ክርክርህን በዚህ ልክ እቀበላለሁ፦ ንጹሕ ፍሬ ባገኘሁ ቀን ወዙን ሳልጠብቅ አወርደዋለሁ፤ ጠጪው ፊቱን ቢያጨማድድም ለምን እንዳወረድኩት አስረዳዋለሁ። በቀረው ቀን ግን አጠቁራለሁ፤ አለማወቅ ነው እንዳትለኝ። ለእኛ ከተተወልን ፍሬ የሚጠጣ ቡና የሚወጣው እንደዚያ ነው፤ እጄ ልማዱን እንዲተው የምትፈልግ ከሆነ የንጹሑን ፍሬ ቀን አብዛልኝ።